እትዬ «ነው በል»

«ነበረች አትበል! ናት በል! ነበረች መባሏን ማን ነገረህ? ጌታ ነገረህ? ሐኪሙ ነው የነገረህ! ሐኪም ደግሞ ስለ ጉበት እንጂ ስለ ነፍስ ምን ያውቃል?»

(በአፍንጫ አንብቡት፤ «ናት» ላይ ጠረጴዛ ምቱ። እንደሱ ነው የምትለው።)

ይሄ ሁሉ ውርጅብኝ የወረደው ሚስቱን ቀብሮ በገባ በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው ላይ ነው። ሰውየው ያለው «ባለቤቴ ደግ ነበረች» ብቻ። እሱም የዋዛ አይደለም፤ «እትዬ፣ የቀበርኳት እኔ ነኝ፣ አንቺ ሰዋስው ታስተምሪኛለሽ?» አላት። «አዎ አስተምርሃለሁ! የቀበርከው ሥጋዋን ነው። እሷ ጌታዋ ዘንድ ናት። ናት!» በሩን ሊያሳያት ብድግ አለ፤ ለቅሶው ቀደመውና መልሶ ዘጭ አለ። እሷም አጠገቡ ዘጭ። ሲያለቅስ አብራው ዋለች፣ በአፏ ግን አልተሸነፈችም።

ሐዘን ቤት ሳትጠራ ቀድማ የምትደርስ፣ ሟቹን ከወለዱት በላይ የማውቀው እኔ ነኝ የምትል አንዲት ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። ካለ አሳዩኝ፣ ሱቄን ነቅዬ እዛ እገባለሁ። የኛዪቱ ክብርት እትዬ «ነው በል» ትባላለች። ሙያዋ መጋረጃ ሰፊ፣ ሹመቷ የ«ነበር» ቀንደኛ ጠላት። ሱቋ ከኔ ፀጉር ቤት በአንድ ሳንቃ ነው የሚለየው። እዛ የሚወራውን ሁሉ መስማቴ ኃጢአት ነው ካላችሁ ጥፋቱ የአናጢው ነው።

ትምህርቷ አጭር ነው። «የኔ ጌታ ሞቶ የቀረ ነው? ተነስቷል! እሱ ከተነሳ የሱ የሆነ ሁሉ ይነሳል። ነገ የሚነሳን ሰው ነበር ትለዋለህ? ባልሽ ከሰዓት ጋደም ሲል ነበር ትዪዋለሽ?» እኔ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት ሰዋስው አባሮኝ ነው፤ ይኸው በሳንቃ ቀዳዳ ተከትሎኝ መጣ።

የትምህርት ቤቱ መምህር ሲሞቱ «መልካም አስተማሪ የነበሩት» የሚል ወረቀት ግንብ ላይ ተለጠፈ። እትዬ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔዋ ሄዳ ሰረዘችው፤ «የሆኑት» ብላ ጻፈች። ዳይሬክተሩ አበደ። «እትዬ፣ ሰውየው እኮ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው!» እሷ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ከሥራ ወጡ እንጂ ከመልካምነት ወጡ እንዴ?»

አንድ ቀን ደግሞ ራሰ በራ ደንበኛዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ በመስታወት ራሱን እያየ፣ «ድሮ እኮ እዚህ ጋ ፀጉር ነበረኝ» አለ። ከሳንቃው ጀርባ፦ «አለኝ በል!»

«ማነው?» ብሎ ዘለለ።

«ጎረቤት ናት።»

«እትዬ፣ ፀጉርም ይነሳል እንዴ?»

«አንዷም አትጠፋም! ተቆጥራ ተቀምጣለች!»

ሰውየው ከዛን ቀን ጀምሮ ባርኔጣውን ጥሎ ይሄዳል።

እኔም እሷን እያስመሰልኩ ገበያዬን አደራሁ። ግማሹ ሰው ፀጉሩን ሳይሆን እሷን ፍለጋ ነው የሚመጣው። ከሁሉ በላይ የሚስቀው ደግሞ ባሏ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው። እሷው ሱቅ ጥግ ላይ፣ ማጉያ መስታወቱን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ይውላል። እሷ ስትወጣ ጠብቆ ሳንቃውን ሁለቴ ይቆረቁራል፤ «ድገመው» ማለቱ ነው። «እሷ ነው ትበል፣ እኔ እሺ እላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በሰላም የኖርነው በዚሁ ነው» ይለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ የሰው ሰዓት ከፍቶ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት የስፌት መኪናዋ ዝም ሲል ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ሰፈሩ አዘነ፣ ጆሮውንም አቆመ። «በሰው ቁስል መስበክ ቀላል ነው፣ አሁን እናያታለን» አለች አትክልት ሻጯ። እኔስ ከሷ እሻላለሁ? ልቅሶ ቤት የሄድኩት ግማሹን ለሰውየው አዝኜ፣ ግማሹን ያቺን ቃል ከአፏ ልለቅም ነው። አንዴ «ነበር» ካለች የዓመት ጨዋታ አገኘሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰዉ ፊቷ «ዝምተኛ ነበር» ይላል፣ «እጁ ወርቅ ነበር» ይላል። ማንንም አላረመችም። ያኔ ነው እኔ የፈራሁት። እትዬ ዝም ካለች፣ እኛ ስንቀበር ማን ሊከራከርልን ነው?

በሦስተኛው ቀን ሻይ ስታድል አንዱ ስኒ ላይ የስኳር ማንኪያዋን አንጠልጥላ ቆመች። «ሦስት ነበር የሚያስጨምረኝ» አለች።

 ስጠብቃት የኖርኳት ቃል መጣች፤ ልለቅማት ግን አልፈለግሁም።

«ነው በይ፣ እትዬ» አለ ከጥግ ዳቦ ጋጋሪው።

አትክልት ሻጯ «ጉድ!» ብላ አፏን ያዘች። ቂሙን የሚወጣባት መስሏታል፤ እኔም መስሎኛል። ቀና ስል ሰውየው ያለቅሳል።

«ያን ቀን ልመታሽ ምንም አልቀረኝም። ስትሄጂ ግን ደግ ናት፣ ደግ ናት እያልኩ ነው ተነስቼ ሊጥ ያቦካሁት። ይኸው ዓመት ሙሉ በዛች ቃልሽ አቦካለሁ። አሁን አንቺ ከጣልሻት እኔ ምን ልያዝ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። 

«እሱማ ነው» አለች። ጠረጴዛም አልመታችም። «ጌታው ዘንድ ነው፤ በዚህ ከማንም አልጣላም። ስኳሩን የማማስለት ግን እኔ ነበርኩ። ነበር የሆንኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ያን ቀን ለሷ የምታለቅስ መስሎኝ ነው የተቆጣሁህ፤ ለካ ለራስህ ነው። ጌታም እኮ ወዳጁን ሊያስነሳው እየሄደ፣ መጀመሪያ አለቀሰ። እኔ ያቺን መስመር እየዘለልኩ ስሰብክ ኖርኩ። ይቅር በለኝ።»

ከዛ አለቀሰች። እንደኛው፣ ጮክ ብላ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ። ዳቦ ጋጋሪውም ከጎኗ ተቀምጦ «ነው፣ እትዬ፣ ነው» ይላታል፤ እሷም እያለቀሰች ራሷን በመነቅነቅ ታረጋግጥለታለች። አይቼ አላውቅም እንደዛ ያለ ለቅሶ፤ ያለቀሰው ሁሉ ቀለል ብሎት ወጣ።

እኔ ግን ከሰርኩ። ደንበኞቼ «እስቲ እትዬን አስመስልልን» ሲሉኝ አፌ እንቢ አለ። ባዶውን የሳንቃ ወገን ሳዳምጥ ስንቱን ጆሮ በመቀስ ለጥቂት ሳትኩት። ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ያ የስፌት መኪና ጠጠጠ ሲል ግን፣ ደንበኛዬን ሳሙና እንደተቀባ ትቼው፣ ሳንቃው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ። ስቆ አያባራም ሰውየው። ይስቅ። ያን ቀን ነው ደብተር የገዛሁት።

ይኸው እሷን እየጻፍኩ ሳለሁ ጥላዋ ገጹ ላይ ወደቀ።

«ምንድነው የምትሞነጫጭረው?»

«ስለ መጋረጃ ነው፣ እትዬ።»

«ውሸታም! ይኸው እትዬ ይላል። አፍንጫ ደግሞ እዚህ ምን አመጣው?»

«የሌላ ሰው አፍንጫ ነው።»

«አንተ ምላሳም! ጫማ ሰፊው እናቱ አርፈዋል፣ ሰው በዝቶ መቀመጫ ጠፍቷል። ሄጄ አብሬው አለቅሳለሁ፤ ሌላውን ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ። አንተ መጻፍህን አቁምና ይሄን አግዳሚ በዛ ጫፍ ያዝ።»