የፀደይ መነጽርና የሽመክት ጋሪ

(እንጅባራ፣ የዓይን ሕክምና ክፍል። ትንሿ ፀደይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ በግራዋ የሚመጣውን አታይም። ነርሷ ዓይንን ጋርዶ ጆሮና ዓይን የሚያሠለጥነውን ትልቅ መነጽር ይዛ የአባቷን የደርበውን እሺታ ትጠብቃለች። የእናቷ ወንድም ባለጋሪው ሽመክት ግን ሳይጠየቅ መልስ መስጠት ልማዱ ነው።)

ደርበው፦ እኔ አልገባኝም። አላይ ያለን ዓይን ጭራሽ መሸፈን ምን ይሉታል?

ሽመክት፦ አንተ ምን ሲገባህ! የፈረሴን ዓይን ግራና ቀኝ የምሸፍነው ለምን ይመስልሃል? ፊት ለፊቱን እንዲያይ ነዋ። ይሄም ያው ነው።

ደርበው፦ ፊት ለፊቱንማ ታያለች። የቸገራት ጎኑ ነው። ሲስተር እንዳለችው ውስጡ ደወል ይደወላል፣ በዚያው በኩል መብራት ይበራል። ጆሮዋ እየመራ ዓይኗን ያዞረዋል አሉ። ስትለምደው መንገድ ብቻዋን ትሻገራለች።

ሽመክት፦ በጋሪ የማመላልሳት አጎቷ እያለሁ ለምን ብቻዋን? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ። አምጡት፣ መጀመሪያ እኔ ልፈትሸው።

(ነርሷ መብራት ባየ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ነግራ አጠለቀችለት። በቀኝ ሲበራ እጁን ይሰቅላል። በግራ ደወሉ ሲያቃጭል ግን ንቅንቅ የለም።)

ሽመክት፦ አላልኩህም? የግራው መብራት ተቃጥሏል። አሮጌ ዕቃ ነው የጫኑብን።

ደርበው፦ እስቲ ልየው። (አጠለቀ።) ኧረ በግራም ቦግ ይላል!

ሽመክት፦ አንተ ደግሞ የሌለ ማየት ታውቅበታለህ።

(ነርሷ ሽመክትን ለምርመራ ከፀደይ አጠገብ አስቀመጠችው። ደርበው ማሰብ የሚወድ ሰው አይደለም፤ አሁን ግን አሰበና ፍርሃት ያዘው።)

ደርበው፦ ሽሜ፣ በጋሪህ የዳጥከው የጎረቤታችን የማናለብሽ ድንች በየት በኩል ነበር የተቆለለው?

ሽመክት፦ በግራ። መንገድ ላይ ቆልላ!

ደርበው፦ የጣስከው የአድማሴ አጥርስ?

ሽመክት፦ በግራ። አጥሩን እየገፋ መንገድ ሲበላ ጊዜ...

ደርበው፦ የገጨኸው ባጃጅስ?

ሽመክት፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) እሱም በግራ።

ደርበው፦ እኔ ደግሞ መንገዱን ፈርቼ ልጄን ላንተ እሰጣለሁ! ሲስተር፣ ዛሬውኑ ትጀምር።

ሽመክት፦ እስክትለምደውስ ማን ትምህርት ቤት ያድርሳት?

ደርበው፦ እኔ፣ በእግሬ። በጋሪህ ካልክ ግን መጀመሪያ የፈረሱን መሸፈኛ አውልቀው። ከሦስታችሁ አንዱ እንኳ ግራውን ይይ።