የስፖርት መኪናዋ ዋጋ

በ2012 ዓ.ም. በበጋ፣ ጤፉ ተወቅቶ እንደገባ፣ ልጄ አንተነህ ምክር ጠየቀን። ልባቸው ከቆረጠ በኋላ ምክር የሚጠይቁ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? «ልግዛ ወይ?» አይሉም፤ «ስንት ልክፈል?» ነው የሚሉት። እሱም አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ ላመጣት አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና የምንተዳደርበትን ወፍጮ ሊሸጥ ነበር። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። እኔ የት እንደምቀመጥ አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ገበሬ ነው። «በሬ ስንገዛ መጀመሪያ ጠምደን እናየዋለን፤ ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ ቤት ድረስ ንዷት» አለ።

መኪናዋ የሉማሜን አስፋልት ለቃ ወደ ሰፈራችን እንደታጠፈች ድንጋይ ላይ በሆዷ ተኛች። ደላላው ወርዶ ዞራት። ባለቤቴ በሬዎቹን ነድቶ መጣና አጠገቡ ቆመ።

«አባባ፣ እባክዎ ያውጡልን» አለ ደላላው።

«ስንት ትከፍላለህ?»

«እርስዎ ይበሉ።»

«አንተ ጀምር እንጂ፤ ነጋዴው አንተ ነህ።»

እንግዲህ ያን ዕለት ብዙ የተከራከርንበት ዋጋ የበሬዎቹ ነበር። አንተነህ ገመዱን አሰረ። መኪናዋ በበሬ እየተጎተተች ወደ አስፋልቱ ስትመለስ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማ፣ ወፍጮውን አልሸጥም» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ። ይህን ሁሉ ዓመት መንገዳችንን ሳይጠግኑ ላቆዩልን ሹማምንትም ዕድሜ ለመንሁላቸው።