ለነባር አባላት ብቻ

የማኅበር ታሪክ ሲጻፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ችግር አለ፣ ቀጥሎ ትግል፣ ከዚያ ድል፤ መጨረሻ ላይ ኬክ ይቆረሳል። ድሉ ማንን ደጅ እንዳስቀረ የሚናገር ገጽ ግን የለውም። ቢኖረውም እኔ ዘልዬው ነበር የማልፈው፤ ምክንያቱን ቆይታችሁ ትሰሙታላችሁ።

ቶሮንቶ ውስጥ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የሠራተኛ ማኅበራችን ለአባላቱ ያልጠየቀው ነገር የለም፤ የጡረታ አበል፣ የጥርስ ሕክምና፣ ደመወዝ የማይቆረጥበት የሕመም ፈቃድ። አብዛኛውንም አግኝቷል። በአንድ ክፉ የበረዶ ወራት ግን አስተዳደሩ ጽዳቱን በርካሽ ለሚሠራ የውጭ ድርጅት፣ ለኮንትራክተር ልስጥ ብሎ ተነሣ፤ እኛም ሥራ አቁመን ወጣን። ሰባት ሳምንት ሙሉ ግቢው በር ላይ በረዶ እየረገጥን ቆምን። በመጨረሻ አስተዳደሩ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ አሁን ያላችሁት ጡረታ እስክትወጡ ከነሙሉ መብታችሁ ትቆያላችሁ፣ ከእናንተ በኋላ የሚቀጠር ግን የኮንትራክተሩ ሠራተኛ ይሆናል አለን።

ድምፅ ልንሰጥ ስንሰበሰብ ጋሽ መኮንን ተነሡ። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ወለል የሚወለውሉ ሽማግሌ ናቸው። «ነገ የሚመጡት ሰዎች ምን አደረጉን?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። እኔ በአማርኛ «ጋሽ መኮንን፣ ይቀመጡ እባክዎ፣ ብርዱ ጨረሰን!» አልኳቸው። ተቀመጡ። እጄን ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ፤ ስምምነቱም አለፈ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ለምን እዋሻችኋለሁ?

ከዓመት በኋላ ባለቤቴ ሰናይት እኔ ባስገባሁላት የስፖንሰር ፎርም ከአገር ቤት መጣች። አፏ በእንግሊዝኛ እስኪፈታ ብለን ሥራ ስናፈላልግ የት የተገኘ መሰላችሁ? እኔው ሕንፃ ውስጥ፣ በኮንትራክተሩ በኩል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ሁለተኛ። ያው መወልወያ፣ ያው ባልዲ። ልዩነታችን የሚታወቀው ስንታመም ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ስትለኝ «ካምፓኒው ነዋ» እላትና ወሬ እቀይራለሁ።

አንድ ጊዜ የማይለቅ ሳል ያዛት። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘላት፤ አለቃዋ ደግሞ ከቀረሽ ሌላ ሰው እተካለሁ አላት። የእኔ የሕመም ፈቃድ ተከማችቶ ተቀምጧል፤ ለእሷ ይተላለፍልኝ ብዬ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ተወካያችን ደግ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ አዘነልኝ፣ ሚስትህ እኮ አባላችን አይደለችም አለኝ። ወዲያውም በማኅበሩ የምሥረታ በዓል ላይ ስለዚያ አድማ ንግግር እንዳደርግ ለመነኝ። እሺ አልኩ። እዚያ መድረክ ላይ ወጥቼ የኮንትራክተሩንም ሠራተኞች አባል አድርጉ ልል ቆርጬ ነበር።

በዓሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስለ በረዶው አወራሁ፣ ተጨበጨበ። ስለ ስምምነቱ አወራሁ፣ ይብሱን ተጨበጨበ። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፣ ያሰባችሁትን ያስረሳችኋል። ይህም ውሸቴን ነው፤ አልረሳሁም፣ ፈራሁ። «ከሁሉም ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጨረስኩ። ቀና ስል ሰናይት የኮንትራክተሩን ቲሸርት ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች። አዳራሹን እንድታጸዳ ልከዋት ኖሯል። እንግሊዝኛዋ ገና ነው፤ ይህችን ግን በደንብ ሰምታለች። አፈርኩ፤ መድረኩን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

አዳራሹን አጽድታ ስትጨርስ አብረን ተሳፈርን፤ ሰፈራችን ጄን ኤንድ ፊንች እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ስትስል ነበር። ቤት ገብተን ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠየቀችኝ።

«እጅህን ስታወጣ የስፖንሰር ፎርሜን አስገብተህ ነበር?»

«አስገብቼ ነበር።»

«እና ማን የሚመጣ መስሎህ ነው?»

«እኔ እንጃ… ሌላ ሰው።»

ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች።

«የመጣሁትማ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ የሳል መድኃኒቷን ጠጥታ ተኛች፤ ጠዋት ሥራ አለባት።