የሥራ አስኪያጁ ሽንትና የወንበሮቹ ዕረፍት

በዓለም ላይ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ አለቃቸው የተናገረውን በትክክል የሚሰሙ ግን ጥቂቶች ናቸው። አለቃቸው ሳያስብ የተናገረውን ሰምተው፣ በቃለ ጉባኤ ይዘው፣ በአንቀጽ ከፋፍለው፣ ማህተም መትተው በዚያው ዕለት ሥራ ላይ የሚያውሉ ደግሞ እስከ ዛሬ የተገኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው። እነሱም የዚህ ታሪክ ባለቤቶች፣ የሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ትጋት ተረስቶ እንዳይቀር ከሥሩ ጀምሮ መተረክ ይገባል።

ሥሩ ሽንት ነው።

ዋና ሥራ አስኪያጁ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ጡረታቸው ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ አንድ ጊዜ ስለሚከበሩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተተኪያቸውን የሚያፈላልገው ኮሚቴ የራሱን ሰብሳቢ መርጦ ስላልጨረሰ። ከቢሯቸው በር ውጭ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችው ጸሐፊ ኮቴያቸውን ሳይቀር ታውቀዋለች። ሲናደዱ ተረከዛቸውን ያጠብቃሉ፣ ደስ ሲላቸው ቁልፋቸውን ያንቃጭላሉ። የምትጠራቸው "ጋሼ" እያለች ነው። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ስለሆነች፣ ከደብዳቤ አጻጻፍ ጋር ሰው አያያዝንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትወዳቸው ነበር። ይህ በግልጽ ይነገር፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሌላው ሁሉ የሚያከብራቸው ብቻ ነበርና።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ ከቢሯቸው ወጥተው ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ሽንት ቤት ሄዱና ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግመው ሄዱ። እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሱ። ሲመለሱ ፊታቸው ጭምድድ ብሎ፣ እጃቸው ከቀበቷቸው በታች ሆዳቸውን ደግፎ ነው። ማክሰኞም እንደዚያው፣ ረቡዕም ባሰ። ጸሐፊዋ ከማስታወሻ ደብተሯ ጥግ ላይ በእርሳስ ጭረት እያሰመረች ቆጠረች፤ ልቧም ፈራ።

በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሠራተኞች ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። አለቃቸው በቀን አሥራ ስምንት ጊዜ በራቸው ላይ ሲያልፉ፣ ያንቀላፋው ነቃ፣ ጋዜጣ የሚያነበው ፋይል ገለጠ። የዕቅድ ኃላፊውም በሳምንቱ ሪፖርት ላይ "በበላይ አመራሩ የሚካሄደው የኮሪደር ክትትልና ቁጥጥር ከዕቅድ በላይ መቶ ሰማንያ በመቶ ተከናውኗል" ብሎ ጻፈ። ጭማሪውን በግራፍ አሳይቶም ተጨበጨበለት።

ጸሐፊዋ አንድ ቀን አፍራም ቢሆን ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላ ለመነቻቸው። ጋሼ ብርድ ነው፣ ያልፋል አሏት። ከዚያም እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው ራሳቸውን በራሳቸው ማከም ጀመሩ፦ ውኃ መጠጣት አቆሙ። ያልጠጣ ሰው ምን ይሸናል የሚል ስሌት መሆኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ የምታስቀምጠው የውኃ ጠርሙስ ማታ እንደታሸገ ታገኘዋለች። ይህ ሕክምና ምንም ወጪ የለውም፤ ብቸኛ ጉድለቱ በሽታውን ማባሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ የአመራር ስብሰባ ተጠራ። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ቀን ጋሼ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገብተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። አጀንዳው እየተነበበ ሳለ እጃቸውን አንስተው አስቆሙና በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ወንበሮች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ወንበሮቹ ደክሟቸዋል" አሉ በሚያሳዝን ድምፅ። "ዕድሜ ልካቸውን ሰው ተሸክመው። አሳርፏቸው።"

ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን አንዱ ተነስቶ ግንባራቸውን ይነካ ነበር። እዚህ ግን የሰባቱም ኃላፊዎች እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ወረደ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊዋም ጻፈች፤ የተባለውን መጻፍ ሥራዋ ነውና። ከሰዓት በኋላ "የወንበር ዕረፍት መመሪያ ቁጥር አንድ" ወጣ። በመመሪያው መሠረት ማክሰኞና ሐሙስ ማንኛውም ወንበር፣ አግዳሚና በርጩማን ጨምሮ፣ ማንም ሰው እንዳይቀመጥበት ተደነገገ። በሁለቱ ቀናት ወንበሮች ሁሉ አዳራሽ ገብተው ነጭ ጨርቅ ይለብሳሉ፤ በሩ ላይም ዘብ ቆሞ ድምፅ የሚያሰማውን ዝም ያሰኛል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ከዘራ የያዙ አንድ ባለጉዳይ ወንበር ጠየቁ። ዘቡ ወንበሮቹ እንደደከሙና ዕረፍት ላይ እንደሆኑ በትሕትና አስረዳቸው።

"ወንበሩ ምን ሠርቶ ደከመው?" አሉ ሽማግሌው። "ከጠዋት ጀምሮ የቆምኩት እኔ ነኝ።"

አስተያየታቸው በአስተያየት መስጫ መዝገብ ላይ "ተገልጋዮች መመሪያውን በጉጉት እየተነጋገሩበት ነው" ተብሎ ሰፈረ።

ረቡዕ ዕለት ጋሼ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ዝናቡ ዛሬ ፈርሞ ገብቷል ወይ ብለው ጠየቁ። የሰው ኃይል ኃላፊው ላብ አጠመቀው፤ በእርግጥም ዝናቡ በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ስሙ አልነበረም። በማግስቱ ተመዘገበ። ወሩ ሲታይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያለ ፈቃድ መቅረቱ ስለተረጋገጠ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ አድራሻው ስላልታወቀ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

አርብ ጠዋት ጋሼ ጸሐፊዋን "እታለም" ብለው ጠሩ። እታለም የሚሉት እህታቸውን ነበር፤ እህታቸው ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ጸሐፊዋ ይህን ስትሰማ ቀጥ ብላ ወደ ዕቅድ ኃላፊው ቢሮ ሄደችና ጋሼ እንደታመሙ፣ ሰውነታቸው እንደሚፋጅ፣ ጎናቸውን ይዘው እንደሚያቃስቱ ነገረችው። ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ስሚ እህቴ" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "እሳቸው ታመዋል ካልን፣ መመሪያውም የበሽተኛ መመሪያ ሊሆን ነው። ሦስት መቶ ኮፒ ታትሟል። ሥልጠና ተሰጥቶበታል። ስለዚህ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጤነኛ ናቸው።"

"ቢሞቱስ?"

ኃላፊው ዕቅዱን ገለጠ። "እሱ በዕቅዱ ውስጥ አልተካተተም" አላት።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ለጋሼ ባለቤት ደወለች፤ ባለቤታቸው ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ በታክሲ ከነፉ። ለካ እሳቸውም ቤት ውስጥ ሲጨነቁ ከርመዋል፤ ጋሼን ሌሊት ስምንት ጊዜ ለምን እንደሚነሱ ሲጠይቋቸው "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያሉ ይመልሱላቸው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጋሼን ግራና ቀኝ ደግፈው ሲያወጧቸው መላ አካላቸው ይንቀጠቀጣል። የዕቅድ ኃላፊው እስከ መኪናው ተከትሎ፣ ይህ ጉዞ በመስክ ምልከታ ሊመዘገብ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። በሩ ተዘግቶ መኪናው ተነሳ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኙት ሐኪም ቀጠን ያለች፣ ሥራ ቢበዛባትም የማትቸኩል ሴት ናት። ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል? ቶሎ ቶሎ ይመጣል? ይደፈርሳል? ሽታውስ ተለውጧል? ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለ? ጎንና ወገብ ላይ ሕመም? ጋሼ ለሁሉም የለም አሉ፤ ባለቤታቸው ለሁሉም አዎ አሉ። ሐኪሟ የባለቤታቸውን ጻፈች። የሽንት ዕቃ ተሰጥቷቸው፣ ስንት ደጅ ተጠንቶ ጥቂት ጠብታ ይዘው ሲመጡ፣ ጋሼ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ለሐኪሟ አቅርበው ትክክለኛ ቅጂ መሆኑ ተረጋግጦ ማህተም እንዲያርፍበት ጠየቁ።

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ሽንቱ በነጭ የደም ሴልና በባክቴሪያ ተሞልቷል። ሐኪሟ ለሁለቱ ሴቶች አስረዳቻቸው፦ ፕሮስቴታቸው አብጦ ፊኛቸው በደንብ አይራገፍም፤ በተጠራቀመው ሽንት ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል፤ አሁን ወደ ኩላሊት ወጥቷል። መዘላበዱም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል አለች፤ በዚህ ዕድሜ ኢንፌክሽን ሲበረታ አእምሮን ያደናግራል። ወዲያው በደም ሥር መድኃኒት ይጀመር፣ ሽንቱ ደግሞ ተህዋሲያኑ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞቱ እንዲታወቅ ለካልቸር ይላክ ብላ አዘዘች።

"ሁለት ቀን ብትቆዩ ደማቸው ውስጥ ይገባ ነበር" አለች።

ጸሐፊዋ ወደ ኮሪደር ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ያንን "አሳርፏቸው" የጻፈች የገዛ እጇን አየቻትና ባሰባት።

በሦስተኛው ቀን ልትጠይቃቸው ስትገባ ጋሼ ትራስ ተደግፈው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት።

"በሥራ ሰዓት ማን ፈቀደልሽ?" አሏት።

እሳቸው ነበሩ፤ ራሳቸው። እየሳቀች አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ወንበርም ስለ ዝናብም የሚያስታውሱት ነገር አልነበራቸውም፤ እሷም ለጊዜው አልነገረቻቸውም። ሐኪሟ ስታሰናብታቸው ክኒኑን ተሻለኝ ብለው ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ እንዲውጡ፣ ውኃ በደንብ እንዲጠጡ፣ ሽንታቸውን እንዳይዙ፣ ለፕሮስቴታቸውም ክትትል እንዲመጡ አስጠነቀቀቻቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ሥራ ገቡ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቆሟል። ገንዘብ ያዡ መስኮት ደፍ ላይ ይጽፋል፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ በጉልበቷ ተንበርክካለች፣ ባለጉዳዮች ግድግዳ ተደግፈው ያሸልባሉ። ጋሼ ይህን ያዘዘው ጅል ማን እንደሆነ ጠየቁ። የዕቅድ ኃላፊው በአክብሮት፣ እርስዎ ነዎት አላቸው።

ጋሼ በዚያው ቅጽበት መመሪያውን መሰረዛቸውን ተናገሩ፤ አዳራሽ ገብተውም አንዱን ወንበር ጨርቁን ገፈው ተቀመጡበት። ዘቡ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ኃላፊዎቹ በኮሪደር ጠርዝ ተሰብስበው ተንሾካሾኩ፤ ከሰዓት በኋላም ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ቦርድ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው "ዋና ሥራ አስኪያጁ ሐኪም ቤት ገብተው ከወጡ ወዲህ ጠባያቸው የተለወጠ መሆኑን በታላቅ ሐዘን እየገለጽን፣ በጤንነታቸው ጊዜ የወሰኑትን በሕመማቸው ማግስት እንዳይሽሩት፣ እስኪያገግሙ ድረስም ፊርማቸው እንዲታገድ" ይጠይቃል። ቦርዱ ጉዳዩን እስኪመረምር ፊርማቸው ታገደ፤ ወንበሮቹም ወደ ዕረፍታቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ጸሐፊዋ አንድ ተስፋ መጣላት። ጋሼን ያዳናቸው ክኒን እነዚህን ኃላፊዎች የማያድንበት ምክንያት አልታያትም። ምናልባት እነሱንም ሳያውቁት ያው በሽታ ይዟቸው ይሆናል። ሐሳቡን ለጋሼ ስታቀርብ ይሞከር አሉ። የዕቅድ ኃላፊው ከማንም በላይ ተደሰተ። "አመራሩ ናሙናውን በመስጠት አርአያነቱን ያሳያል!" የሚል ጨርቅ በር ላይ ተሰቀለ፤ ሰባቱም ኃላፊዎች ዕቃቸውን ይዘው በሰልፍ ክሊኒክ ሄደው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ናሙናቸውን ሰጥተው ተመለሱ።

ውጤቱን ለመቀበል የሄደችው ጸሐፊዋ ናት። ሐኪሟ ሰባቱን ወረቀት አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ሁሉም ንጹህ ነው" አለች።

"የዕቅድ ኃላፊውም?"

"የእሱማ ከሁሉም ንጹህ ነው።"

ጸሐፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ወንበሮቹና ስለ ዝናቡ ሁሉንም ነገረቻት። ሐኪሟ ሳትስቅ አዳመጠቻት።

"እህቴ" አለቻት፣ "የተምታታበት ሰው ሁሉ የሽንት ኢንፌክሽን አለበት ማለት አይደለም። ጋሼሽን ያዳንኳቸው ታመው ስለመጡ ነው። እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ ለጤነኛ የማዝዘው የለኝም።"

ሰባቱ ወረቀቶች በመስታወት ተገጥመው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከዝናቡ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አጠገብ ተሰቀሉ። ከሥራቸው "የአመራሩ ጤናማነት በላቦራቶሪ ተረጋግጧል" የሚል ተጽፏል። ጋሼ ታግደው የሚወስኑት ስለሌለ፣ ቢሯቸው ገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ ሸሽገው ባስቀሯት አንዲት ወንበር ላይ ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ ብለው ይቀመጡና የታዘዘላቸውን ውኃ ይጠጣሉ። ጸሐፊዋ ሰው እንዳይመጣባቸው በሩን ትጠብቃለች። ቆማ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።