ያለ ፍተሻ ጉርሻ አያልፍም

በየሰፈሩ፣ የሰው በሽታ ሲሰማ ቀድሞ ሳህኑን የሚያይ አንድ ሰው አለ። ሌላው "እግዜር ይማርሽ" ይላል። እሱ "ምን በላሽ?" ይላል። እናንተ ሰፈር የለም ካላችሁ እስካሁን አላመማችሁም ማለት ነው።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ማስረሻ ናቸው። ሰላሳ ዓመት ጉምሩክ ሰርተው፣ መጨረሻውን ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር ሲፈትሹ ቆይተው ጡረታ ወጡ። እሳቸው ከፍተሻ ወጡ እንጂ ፍተሻው ከእሳቸው አልወጣም። አሁን የጉሮሮ ጉምሩክ ዋና ሹም ናቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም።

እኔ እዚሁ አዳማ ሹሩባ እሰራለሁ። ጭንቅላቷን ይዛ የመጣች ሁሉ ወሬዋንም አራግፋ ነው የምትሄደው። አምና ጥቅምት ላይ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። አብጠው የሙዝ ዘለላ መሰሉ። ማበጠሪያ መያዝ ሲያቅተኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

"የመገጣጠሚያ ብግነት ነው" አለኝ ዶክተሩ። "ሰውነትሽ ከራሱ አንጓ ጋር እየተጣላ ነው።"

ከራሱ ጋር! እኔ ከጎረቤት ጋር እንኳ ተጣልቼ አላውቅም። ማማት ሌላ ነገር ነው። ብቻ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልኝና "ካልተከታተልሽው ጣቶችሽ እዛው ተጣመው ይቀራሉ" አለኝ። ሹሩባ ሰሪ ጣቷ ከተጣመመ ምን ይቀራታል? ምላሷ። በምላስ ደግሞ ሹሩባ አይሰራም።

ወሬው ጋሽ ማስረሻ ጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ያወራሁት ራሴ ነኝ። ጥቁር ደብተር በብብታቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምሳዬ ላይ ከተፍ አሉ።

"ክዳኑን አንሺው!"

"ጋሼ፣ ምሳዬ ነው እኮ።"

"ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ያለ ፍተሻ አያልፍም!"

ቲማቲም ታገደ። ሁሩታ ያለ የአጎታቸው ልጅ ቲማቲም በልቶ ጉልበቱ ድንች አክሏል። ድንችም ታገደ፣ የቲማቲም ዘመድ ነው ተብሎ። ስጋዋን ሲያዩማ "ይሄ ጦር መሳሪያ ነው!" ብለው ወደኋላ አፈገፈጉ። ለስላሳዬን ደግሞ "ይወረስ!" ብለው ደጄ አቧራው ላይ ደፉት። በአዳማ ሙቀት ቀዝቃዛ ለስላሳ ሲደፋ አይቶ ዝም ያለ ሰው ጻድቅ ነው። እኔ ዝም አላልኩም።

ያለፉት የቆቃ አሳ፣ ጎመን፣ ተልባና እርድ ናቸው። ለነሱ "ይለፍ!" ሲሉ ማህተም የሚመቱ ነው የሚመስሉት፣ ጠረጴዛውን በጡጫ ጓ!

ያን ቀን ጫልቱ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ ደንበኛዬ ናት። ምሳ ዕቃዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ስር ገፋ አደረገችው።

"የኔም ይከፈታል እንዴ?"

"አካም ጅርታ?" አሏት ጋሽ ማስረሻ። ኦሮምኛቸው ሰላምታው ላይ ነው የሚያልቀው።

"ፈያ!"

"እንግዲያው አትክፈቺው። የጤነኛ ዕቃ አልፈትሽም።"

ከዛ ወዲህ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በር ላይ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ። "ጨብጪኝ።" እጨብጣለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኛል። "ደካማ። ትናንት ምን በላሽ?" ይሉና ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ።

የጫልቱ እህት ሰርግ ላይማ ጉድ ሆንኩ። ቡፌው ጋ ተሰልፌ ክትፎው ላይ ስደርስ ከጀርባዬ ጉሮሮ ተጠራረገ። ዞር አልኩ፣ ክቡርነታቸው! ባዶ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ሙሽራዋ አባቴ መስለዋት "አባባ፣ ያንሱ እንጂ" ስትላቸው "ስራ ላይ ነኝ ልጄ" አሏት።

ሁዳዴ ገባ። ስጋና ቅቤ በአዋጅ ሲታገድ ጋሽ ማስረሻ ሰራዊት የተላከላቸው መሰላቸው። አሳውም የሁለት ወር ፈቃድ ወጣ። በሶስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጨበጥኳቸውና "ኧረ እጄን!" ብለው ጮኹ። "ጠንካራ! ተልባው ነው!" እያሉ ሰፈሩን ዞሩ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ተልባ ታዘዘላቸው።

እኔ ሞኟ ደግሞ "ተልባ ካዳነኝ ሆዴን የሚገለባብጥ ኪኒን ምን ያደርግልኛል?" ብዬ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ፣ ከጸጉር ማስያዣው ስር ወሸቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በዕድሜዬ ያልተናገርኩት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ጫልቱን እየሰራሁ ግማሽ ጭንቅላቷ ላይ ስደርስ ጣቶቼ እምቢ አሉ። ተቆልፈው ቀሩ።

"ሶፊ፣ እንዲህ ሆኜ ፋብሪካ ልግባ? በዚህ በኩል ሰርግ፣ በዚህ በኩል ለቅሶ!" አለችኝ መስታወቱን እያየች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ቀን እስቅበት ነበር። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ማስረሻ ተጠርተው መጡ። ምርመራ ተጀመረ።

"ፋሲካ ዕለት ስንት እንቁላል?"

"ግማሽ።"

"ዶሮውስ?"

"ቆመው የቆጠሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ!"

ደብተሩን ወደፊት ገለበጡ፣ ወደኋላ ገለበጡ። "የሾለከ ነገር አለ። ተልባው ሻግቶ ይሆን? ወይ አሳው..." ደብተሩን ዘጉት። "እኔ ነኝ ልጄ። አንድ መጥፎ ነገር 'ይለፍ' ብዬ አሳልፌብሻለሁ።"

እኔ ሰው አማለሁ እንጂ ሰው በኔ ጥፋት ራሱን ሲከስ ማየት አልችልም። መሳቢያውን ሳብኩላቸው። የአምስት ሳምንት ኪኒን እንዳለ ተኝቷል።

ጋሽ ማስረሻ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሳይጮኹ ሲፈትሹ አይቼ ስለማላውቅ ውሃ ላመጣላቸው ተነሳሁ።

"ሰላሳ ዓመት የተደበቀ ስፈልግ ኖርኩ" አሉ በመጨረሻ። "የጎደለ ፈልጌ አላውቅም።"

በማግስቱ ሐኪም ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ዶክተሩ እኔን በደንብ ተቆጣኝና ጥቁሩን ደብተር ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። አጮልቄ ሳይ፣ ለካ ተደብቄ የበላሁት ቲማቲም ሁሉ ተመዝግቧል! አስራ አንድ ጊዜ! ለደንበኞቼ ያወራሁት ነው የደረሳቸው።

"አባባ" አለ ዶክተሩ፣ "ምግብ አንዱን ያባብስበታል፣ ሌላውን አይነካውም። አሳውና ጎመኑ ጥሩ ነው። ለስላሳ ማስተውዎም ጥሩ ነው። ግን ይኸው ቲማቲም በበላች ማግስት አስራ አንዱንም ጊዜ እጇ ደህና ነበር።"

"ቲማቲም በነጻ ተለቀቀ ነው የሚሉኝ?"

"ለሶፊ በነጻ። ኪኒኑን ግን ተልባም አሳም አይተካውም።"

ስንመለስ ደብተሩን እጄ ላይ ረስተውት ስለነበር ቤታቸው ወሰድኩላቸው። የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ልዩ ናቸው።

"አንቺ፣ ቲማቲም ተፈታ የሚባለው እውነት ነው?"

"ተፈታ፣ እትዬ።"

"ተመስገን! ከጥቅምት ጀምሮ እኮ ቤቴ አልገባም። ቲማቲም የለ፣ ድንች የለ፣ ስጋ የለ። 'ልጅቷን ከልክዬ እኔ እንዴት ይወርድልኛል' ይላል። ሱሪው እየወረደ ቀበቶው ላይ ሶስት ቀዳዳ በሳሁለት!"

ሰርጉ ላይ የያዙት ባዶ ሳህን ትዝ አለኝ። እኔማ እሳቸውን ሳስመስል፣ "ጦር መሳሪያ ነው!" እያልኩ ደንበኞቼን ሳስቅ ነበር የከረምኩት።

ጣቶቼ እስኪመለሱ ሁለት ወር ፈጀ። የጫልቱን ግማሽ ጭንቅላት ሌላ ሹሩባ ሰሪ ጨረሰችው፣ ውርደቱን ተዉት፣ መስመሩም ጠማማ ነው። ጋሽ ማስረሻ አሁንም ጠዋት ጠዋት "ጨብጪኝ" ይላሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ይመጡና ኪኒኗ እስክትወርድ ጉሮሮዬን ያያሉ።

ባለፈው አርብ ቲማቲም ፍትፍት ሰራሁ፣ ቃሪያው የበዛ። በበሩ ሲያልፉ ጎትቼ አስገባኋቸውና በነዚሁ በተረገሙ ጣቶቼ አንድ ወፍራም ጉርሻ ጠቀለልኩ።

"ያለ ፍተሻ..." ሲሉ አፋቸው ውስጥ ከተትኩት።

ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፣ አላመጡ። ከዛ ደብተራቸውን አወጡና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጻፉ። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳላይ አላድርም። በትከሻቸው በኩል አየሁት።

"አርብ። ሶፊ በራሷ ጣት ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ይለፍ።"