ጋሼ ሚዛንና የአባቴ ሳንቲም

የትም ሰፈር ብትኖሩ፣ ዕቃ በገዛችሁ ቁጥር ከእናንተ በላይ የሚያዝን አንድ ጎረቤት አይጠፋም። የእኛ ፎቅ ላይ ያሉት ክቡር ጋሼ ሚዛን ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እናታቸው ያወጡላቸውን የሚያስታውስ የለም። አዲስ ጫማ አድርጌ ደረጃውን ስወጣ በራቸው ገርበብ ይላል።

«ስንት ገዛኸው?»

እነግራቸዋለሁ። መርዶ እንደሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

«ተበላህ!»

በእሳቸው ዘንድ ያልተበላ የለም። ከታች ያለችው ነርስ በፍሪጅ ተበልታለች፤ የጥርስ ሐኪሙ በመኪና ተበልቷል። ወንድሜ ሸሚዝ በስጦታ ቢያገኝ እንኳ «አይዞህ፣ የተበላው የሰጠህ ሰው ነው» ብለው አጽናንተውታል።

አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት አሮጌ የመዳብ ሳንቲም በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። በወጣትነቱ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ለአንድ መንገደኛ ሰጥቶ የለወጣት ናት። «የሚያውቃት ሰው ያገኛት ቀን ታያላችሁ» ይል ነበር። እናቴ ግን «ደህና ሰዓቱን ሰጥቶ ዝገት ይዞልኝ መጣ!» እያለች ስትስቅበት ኖረች።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ሳቋ ጠፋ። አንድ ቀን ሳንቲሟን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና «ልሸጣት እንዳይመስልህ» አለችኝ። «ማወቅ የምፈልገው፣ አባትህ እውነት ተሸውዶ ነበር ወይስ በከንቱ ነው የሳቅኩበት?»

በከንቱ መሳቋን እንደምትመርጥ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

ጋሼ ሚዛን ሳይጠሩ መጡ። ሳንቲሟን ነከሱ፤ ወለሉ ላይ ጥለው ድምፅዋን አዳመጡ፤ አሸተቱም። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን መረመርናት። በላይዋ ላይ ያለው ምስል አልለይ አለ። እናቴ ንግሥት ናት አለች፤ ጋሼ ወፍ ነው አሉ፤ ለእኔ አጎቴን መሰለኝ። ይተዉ ለማለት ሳንደርስ ሎሚና ጨው ከጓዳ አምጥተው እንደ ድስት ፈተጓት። ከጥቁረቱ ውስጥ አንድ ክንፍ ብቅ አለ።

«ወፍ ነው አላልኩም?» አሉ ላብ በላብ ሆነው።

በማግስቱ ከእሳቸው ጋር አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላበጣት።

«ማን ነው እንዲህ የፈተጋት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ግድ የለም ጋሼ፤ ባይፈትጓትም ያው ናት። የዚህች ዓይነት ጓዳዬ ውስጥ በጆንያ አለኝ። ከፈለጉ አንድ ልመርቅልዎ።»

«ተበላ!» እስኪሉ ጠበቅኩ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ የተመቸ «ተበላ» አጋጥሟቸው አያውቅም። እሳቸው ግን ሳንቲሟን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። እቤት እስክንደርስ፣ የቲማቲም ዋጋ እንኳ አልጠየቁም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «እህ?»

ጋሼ ሚዛን ሳንቲሟን ከነመሐረቡ አስረክበዋት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እትዬ፣ ባለቤትዎ አልተበሉም። ውድ ሳንቲም ነበረች። በሎሚ ፈትጌ የገደልኳት እኔ ነኝ። ሻጩ ራሱን ይዞ ነው የጮኸው።»

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«በማታውቀው ነገር ማን ግባ አለህ?» ብላ እናቴ ወረደችባቸው። ከአፏ ያልወጣ ስድብ የለም። ሲደክማት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሳንቲሟን ሳመቻት። «እሱ እኮ ነግሮኝ ነበር» አለች። እያለቀሰች ሳቀች፤ ያ የድሮ ሳቋ ነው። ጋሼ አንገታቸውን እንደ ደፉ ወጡ።

ወሬው ከፎቅ ፎቅ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። አሁን ስለ ዋጋ ምክር የሚጠይቃቸው የለም። የጥርስ ሐኪሙ «ጋሼ ሎሚ» ብሎ አዲስ ስም አውጥቶላቸዋል። እናቴም ላገኘችው ሁሉ ስማቸውን ታጠፋለች፤ የአባቴን ታነሳለች። እሳቸው ይሰማሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አላስተባበሉም። እኔን ሲያዩ ብቻ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። እኚህን ሰው እንዲህ እወዳቸዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትናንት ጃንጥላ ገዝቼ ስገባ በራቸው ገርበብ አለ።

«ስንት ገዛኸው?»

የከፈልኩትን እጥፍ አድርጌ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው ፈካ።

«ተበላህ!»

«በጣም ነው የተበላሁት ጋሼ» አልኳቸው።