አራት ሸሚዝ

ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ አስቀድሞ የሚያከማች ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰው እህል ያከማቻል፤ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ግን ፈገግታ ያከማች ነበር።

ኮሮና ሳይይዘው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ደቡብ አፍሪካ ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ያለውን ሱቃችንን ዘግተን ጆሃንስበርግ የጀርመኖች የቢራ ፌስቲቫል ሄድን። አራት ሸሚዝ ይዟል። ከድንኳኑ ጀርባ እየቀየረ «አንሳኝ» ይለኛል።

«ብርጭቆው እንዳይገባ፤ እማዬ ቢራ ይመስላታል።»

«ፋንታ ነው አትላትም?»

«በዚህ ባልዲ ማን ፋንታ ይጠጣል?»

በየእሁዱ አንድ ፎቶ ይልክላታል። ከአራቱ ሁለተኛውን የላከው ከሆስፒታል አልጋው ላይ ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ አረፈ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የአገር ቤት ሽማግሌዎችም በወረርሽኙ ምክንያት መሰብሰብ ስላልቻሉ «ታገስ» አሉኝ።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት፣ በእሱ ስልክ ሦስተኛውን ላክሁላት። «ተመስገን፣ ወፍረሃል ልጄ» ብላ መለሰች። የቀረን አንድ ሸሚዝ ነው።